የምናይበት መነጽር እኛንም ያያል፦ ክትትልን የሚያሳይ የቪአር ጥበብ በጅማ

የቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ በኮምፒውተር የተሠራ ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ መሣሪያ) አጥልቆ ስምንት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው 622,080 ቁጥሮች ትቶ ይነሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። መነጽሩ የራስን፣ የቀኝ እጅንና የግራ እጅን ቦታና አቅጣጫ ይለካል፤ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ቁጥር፣ በድምሩ 18። ይህንን በሰከንድ 72 ጊዜ ይደጋግመዋል። ስምንት ደቂቃ 480 ሰከንድ ነውና 18 በ72፣ ከዚያ በ480 ሲባዛ ያ ቁጥር ይመጣል። በሰከንድ 90 ጊዜ የሚለካ መነጽር ለ20 ደቂቃ ቢጠለቅ ደግሞ ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። ልኬቱ ባይኖር ሥዕሉ ደርቆ ይቀራል። ተመልካቹ አንገቱን ሲያዞር ዓለሙ አብሮት የሚዞረው መነጽሩ አንገቱን ስለሚከታተል ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሰው ማንነት ይወጣባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 511 ሰዎች ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ በመነጽር አዩ። ከአምስት ደቂቃ ያነሰ የእንቅስቃሴ ዳታ የተሰጠው ፕሮግራም ከመካከላቸው ማን ማን እንደሆነ 95 በመቶ በትክክል ለየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች የተመራ ሌላ ጥናት የአንድ የቪአር ጨዋታ ተጫዋች የሆኑ ከ50,000 በላይ ሰዎችን ወሰደ፤ 100 ሰከንድ እንቅስቃሴ ብቻ ከ94 በመቶ በላይ በትክክል ለመለየት በቃ። ስም አልተጠየቀም፣ ፎቶ አልተነሣም። ቁመት፣ የክንድ ርዝመትና የአካል አነቃነቅ ተደምረው አሻራ ሆኑ። ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ 10 ጣታችንን፣ ሁለት ዓይናችንንና ፊታችንን እንደሰጠን እናውቃለን፤ ተሰልፈን፣ ማሽኑ ላይ ጣታችንን ጭነን ነው የሰጠነው። የአንገት አዟዟራችንን መቼ እንደሰጠን ግን አናውቅም።

ክትትልን ለማሳየት በቪአር የሚሠራ ጥበብ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ክትትልን የሚተቸው ሥራ ራሱ ካልተከታተለ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ ጅማ ላይ ለማሳየት የሚያስብ ወጣት ሠዓሊ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪ ወይም የባህል ማዕከል ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሥራው ትርጉም በመነጽሩ ውስጥ ባለው ምስል ብቻ አይወሰንም። ክፍሉ፣ መቀመጫው፣ አስተናጋጁ የሚናገረው ቃልና በመጨረሻ የሚሰረዘው ልኬት ሁሉ የሥራው አካል ናቸው።

ተመልካቹ የት ይቀመጥ?

ስለ ክትትል ቪአር ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣለት ተመልካቹን የካሜራው ቦታ ላይ መስቀል ነው። ከመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ፣ አራት ሜትር ከፍታ ሆኖ ወጪ ወራጁን ያያል። ሲታሰብ ያምራል፤ ሲሠራ ግን መጀመሪያ ሰውነት ያምፃል። እግሩ ወለል እንደነካ የሚሰማው ሰው ዓይኑ አራት ሜትር ባዶ አየር ሲያሳየው ጉልበቱ ይብረከረካል። ምናባዊው ካሜራ በራሱ መዞር ከጀመረ ደግሞ ያጥወለውለዋል፤ ዓይን “ዞርኩ” ሲል በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል “አልዞርኩም” ይላልና። ከእግሩ ሥር ጠባብ መቆሚያ መሳልና ተመልካቹ ራሱ አንገቱን ካላዞረ በቀር ዕይታውን አለማዞር ይህንን ያስታግሳል።

የከፋው ችግር የትርጉሙ ነው። ሳይታዩ ከላይ ሆኖ ማየት ደስ ይላል። ክትትልን እንዲመረምር የተጠራው ተመልካች የዘበኛ ማማ ወርሶ፣ ተዝናንቶ ይወጣል። ይህን ደስታ የሚረብሽ አንድ የሙያ ዘዴ አለ። የሰው ሁለት ዓይኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በሥራው ውስጥ ያሉት የሁለቱ ምናባዊ ዓይኖች ርቀት ከዚህ ብዙ እጥፍ ሲሰፋ ሰውም ቤትም የልጅ መጫወቻ ያህል አንሶ ይታያል። ካሜራ ሰውን እንዴት እንደሚያሳንስ ማንም ሳይናገር ይገባል።

ተመልካቹን የሚታየው ሰው ሲያደርጉት ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። ባዶ መንገድ ላይ ቆሟል እንበል፤ ጣሪያ ጥግ ላይ ያለ ካሜራ ይከተለዋል። እዚህ ሁሉም ነገር ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። ካሜራው ከሰውየው ጋር እኩል ከዞረ ጥላ ይመስላል፤ ማንም አይፈራውም። ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሲዞር ግን ከጀርባው የሚያስብ አካል እንዳለ ይሰማል። ድምፁም እንዲሁ ነው። አእምሯችን ድምፅ ከየት እንደመጣ ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ሁለቱን ጆሮ የሚደርስበት የጊዜ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ በተባለ ጊዜ እንኳ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያንሳል። ከግራ ትከሻ ኋላ የሚሰማ የትንሽ ሞተር እዝዝታ በመነጽሩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ከበር ውጭ አንድ ባጃጅ ካለፈ ጠፋ ማለት ነው። ጆሮን የሚከድን ባለገመድ ሄድፎን የግድ ነው።

በእኛ እምነት ግን ከሁሉም ታማኙ መነጽሩ የሰበሰበውን ለተመልካቹ መልሶ የሚያሳየው ሥራ ነው። አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ተመልካቹ የሰፈር ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ባለሱቋ ስኳር ትመዝናለች፣ ልጅ ኳስ ያንከባልላል፣ አንድ ሰው የታጠፈ ወረቀት ይዞ በሩ ጋ ቆሟል። ሦስት ደቂቃ ምንም አይከሰትም። ከዚያ ያው ቦታ ጨልሞ ይመለስና አንድ ድምፅ “ወረቀት የያዘውን ሰው 11 ሰከንድ አይተኸዋል። ለምን?” ይለዋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከተመልካቹ ግንባር መሐል የማይታይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ አንድን ነገር ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲነካ ፕሮግራሙ ይቆጥራል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት መነጽሮች፣ ለምሳሌ የሜታ ኩባንያ ኩዌስት 2 እና ኩዌስት 3፣ የዓይን ብሌንን አይከታተሉም። የሚያውቁት ግንባር ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ግንባሩን ወደ ሰውየው አድርጎ በዓይኑ ጥግ ልጁን ሲያይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። “ኧረ እኔ አላየሁትም!” ብሎ ጮክ ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ የሥራው ጣሪያ ነው። ማሽኑ አይሰማውም፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው 11 ሰከንድ ነው። ብዙ ሠሪዎች ይህን ስህተት እንደ ጉድለት ቆጥረው ውድ መነጽር ለመግዛት ይሯሯጣሉ። መተው ይሻላቸዋል። ክትትል የሚጎዳው ሲያውቅ ብቻ አይደለም፤ ተሳስቶ እንዳወቀ ሲቆጥርም ነው፤ ይህንን ርካሹ መነጽር ከውዱ በተሻለ ያሳያል።

ሰውነትን ለክተው ጥበብ ያደረጉ ቀደምት ሥራዎች አሉ። ካናዳዊቷ ሠዓሊ ቻር ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበችው ኦዝሞዝ የተሰኘ የቪአር ሥራ ተመልካቹ ደረቱ ላይ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ይታሰርለታል፤ አየር ሲስብ በምናባዊው ዓለም ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲያስወጣ ይሰምጣል። እዚያ ልኬት የተመልካቹ ነፃነት ነው። አሜሪካዊቷ ፊልም ሠሪ ሎራ ፖይትራስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ባሳየችው ሥራ ደግሞ ሰዎች ጨለማ ክፍል ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያ ላይ የሚታይ የሌሊት ሰማይ ያያሉ፤ ሰማዩ ድሮን ከሚያንዣብብባቸው አገሮች የተቀረፀ ነው። መውጫው አካባቢ ሲደርሱ የተኙበት ክፍል በሙቀት ካሜራ ሲቀረፅ እንደነበር ያያሉ። ቪአር አልነበረም፤ ያነሣው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ የዚህ ዘርፍ ዋና ጥያቄ ነው። ተመልካች አስቀድሞ ይነገረው ወይስ በኋላ ይወቅ? ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ኬላ፣ ዘበኛ፣ ካሜራ

ስለ ክትትል የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነደፈው ክብ እስር ቤት ይጀምራል። ለጅማ ሰው ግን ኬላ ይቀርበዋል። የጅማ መንግሥት ድንበሩን በኬላ ያስጠብቅ ነበር፤ ገቢና ወጪው በኬላ ጠባቂ ዓይን ሥር ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ሆኖ ከተማው ቁልቁል ይታያል። በአማርኛ ጠበቀ ስንል ከጉዳት ከለለም፣ ቆሞ አደባም ማለታችን ሊሆን ይችላል። በደርግ ዘመን ቀበሌ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ ሰው የሚያስወጣና የሚያስገባው አካል ስሙ አብዮት ጥበቃ ነበር። የባንክ ጥበቃም፣ የግቢ ጥበቃም፣ የዳታ ጥበቃም ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። በአማርኛ ለሚቀርብ ሥራ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ የለም፤ ትርጉም የማያስፈልገው ጥርጣሬ ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል።

ከውጭ የመጣ ሥራ እንዳለ ቢታይ ለምን እንደሚላላ ከዚህ ይገባል። የለንደን መንገድና የብረት ምሰሶ ላይ ያለ ካሜራ ለጅማ ተመልካች የሰው አገር ጣጣ ነው። እዚህ የሚታወቀው መታየት ፊት አለው። ቡና ሲጠጣ የሚነሣ ወሬ፣ የሱቅ ደጃፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደመሸበት የሚያውቅ ዘበኛ። ይህ ዓይን ይጨቁናል፣ ይታዘባል፤ ልጅ ሲጠፋ የሚያገኘውም እሱ ነው። ይለመናል፣ ይታረቃል፣ ይረሳል። ሆቴልና ባንክ በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ አይለመንም። አይረሳምም። ጅማ ላይ የሚሠራ ሥራ የቆመበት ድንበር ይህ ቢሆን እንመርጣለን፤ ከጎረቤት ዓይን ወደማይረሳ ዓይን የሚደረገው ሽግግር።

ድምፁ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ መቀዳት አለበት፤ ተመልካቹም ከመግባቱ በፊት ይምረጥ። ጽሑፍ ምስሉ ላይ መለጠፍ መፍትሔ አይሆንም፤ ቪአር ውስጥ የሚንሳፈፍ ጽሑፍ ዓይንን አንድ ቦታ ያስራል፣ ተመልካቹም አካባቢውን ማየት ይተዋል። ሁለቱም ቅጂዎች አንድ ዓይነት ርዝመት ቢኖራቸው ይበጃል፤ አለበለዚያ የካሜራው መዞርና ንግግሩ ይለያያሉ።

የአካባቢውን ምስል ለመቅረፅ ባለ 360 ዲግሪ ካሜራ ይዞ ሂርማታ መርካቶ የሚገባ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ይህ ካሜራ ጀርባ የለውም፤ ሁሉንም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ክትትልን ለመተቸት ሽንኩርት የምትሸጥ እናትን ሳታውቅ መቅረፅ ሥራውን ከሥሩ ያፈርሰዋል። ወይ ፊቶቹ ሁሉ ይደብዘዙ፣ ወይ ገበያው ሳይሞላ በማለዳ ከፈቀዱ ሰዎች ጋር ይቀረፅ፣ ወይም ቦታው ከፎቶ ተነሥቶ በሦስት ዓውታር ይሠራ። የመጨረሻውን እንመክራለን። በስልክ ከየማዕዘኑ፣ አንዱ ፎቶ የሌላውን ሁለት ሦስተኛ ያህል እንዲደግም አድርጎ ማንሣት ነው። የጅማ ደመና እዚህ ይጠቅማል፤ ጠንካራ ጥላ የሌለበት ብርሃን ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው። በካሜራ ከተቀረፀ ደግሞ የሌንሱ ከፍታ ከተመልካቹ አቀማመጥ ጋር ይመጣጠን፤ ለተቀመጠ ሰው 1.2 ሜትር አካባቢ፣ ለቆመ 1.6። በቆመ ሰው ቁመት የተቀረፀውን ተቀምጦ የሚያይ ሰው የተንሳፈፈ ይመስለዋል። ከሌንሱ አንድ ሜትር ውስጥ የገባ ነገር የካሜራው ሌንሶች ያነሷቸው ምስሎች በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ሲወድቅ ይቆረጣል፤ እጅ ከክንዱ ተለይቶ ይታያል።

ክፍሉ፣ በርጩማው፣ መብራቱ

ለአንድ ተቀማጭ ተመልካች ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነፃ ወለል ይበቃል። ለመቀመጫ የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር የተለመደ ነው፤ ጎማው ግን ሳይታወቅ ይንሸራተታል፣ የሄድፎኑንም ገመድ ይጠመጥማል። ጅማ የምትታወቅበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከእሱ ይሻላል። ሦስት እግር ያለው መቀመጫ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወዛወዝም፤ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም፤ ሰውየውም በመቀመጫው ላይ እግሩን እያሻሻገረ ዙሪያውን ይዞራል። ሁለት ነገር ብቻ ይታሰብበት። መደገፊያ የሌለው ከሆነ ወደ ላይ አንጋጦ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ሊያዘነብል ይችላል፤ አስተናጋጅ ከጀርባው አንድ እርምጃ ርቆ ይቁም። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነም የወለሉ ከፍታ በመነጽሩ ውስጥ እንደገና ይለካ፤ በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ወለል ላይ አስነክቶ ማረጋገጥ ነው።

መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በላዩ ባሉት ካሜራዎች የክፍሉን ጠርዞችና ነጠብጣቦች እያየ ነው። ስለዚህ አዲስ በነጭ የተቀባ ባዶ ግድግዳ ያሳውረዋል። ሰሌን፣ ጥለት ያለው ጨርቅ ወይም የተለያዩ ወረቀቶች ይለጠፉበት። መስታወትና የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ይሸፈን። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በኩዌስት ማስተካከያ ውስጥ የመከታተያ ድግግሞሽ የሚለው ወደ 50 ቢዞር ምስሉ መንቀጥቀጡን ይተዋል። መነጽሩ በመስኮት በኩል ፀሐይ በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ሌንሱ ወደ ላይ ሆኖ ፈጽሞ አይቀመጥ። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥላል፤ ያ ቢጫ ነጠብጣብ ከዚያ በኋላ አይጠገንም።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ብዙ አዘጋጆች የሚያስቡት ተገላቢጦሽ ነው። ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ይገዛሉ። ኩዌስትን የመሰለ መነጽር ግን በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የክፍሉ ብርሃን ነው። ክፍሉ ሲጨልም የመነጽሩ ካሜራዎች ማየት ያቆማሉ፣ ምስሉ ይዋልላል ወይም ይቆማል፤ ተመልካቹም የሥራው አካል መስሎት ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚያስፈልገው መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚበራ ባለባትሪ መብራት ነው፤ ለአንድ ክፍል ሁለት፣ በተቃራኒ ግድግዳ።

የሰዓቱ ስሌት እንዲህ ነው። ለአንድ ተመልካች መግቢያውና ማጥለቁ አራት ደቂቃ፣ ሥራው ስምንት፣ ማውለቁና ማጽዳቱ ሦስት፤ 15 ደቂቃ። አራት መነጽር ካለ በሰዓት 16 ሰው፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት 48 ሰው። የመነጽሩ ባትሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ በማሰሪያው ኋላ በጨርቅ ከረጢት ይታሰር፤ ክብደቱ ከኋላ መሆኑ ከፊት የሚጎትተውን ግማሽ ኪሎ ገደማ መነጽርም ያመዛዝናል። እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ አንድ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል። ቪዲዮው በኢንተርኔት መልቀቅ አይሞከር፤ በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚፈስ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 4.5 ጊጋባይት ነው፤ አስቀድሞ በገመድ እያንዳንዱ መነጽር ላይ ይጫን።

በክረምት ማለዳ ሌንሱ በጉም ይሸፈናል፤ ቀዝቃዛ ሌንስ ላይ የፊት ሙቀትና እርጥበት ሲያርፍ ነው። መነጽሮቹን ክፍሉ ከመከፈቱ 10 ደቂቃ በፊት አብርቶ ማሞቅ ይበቃል። ሌንስ የሚጸዳው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አልኮል ሽፋኑን ይልጠዋል። ፊት የሚነካው ክፍል ግን ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በፀረ ተህዋሲያን ይወልወል፤ ወይም ተለዋዋጭ የጨርቅ ሽፋን ይኑረው።

ጅማ ላይ ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ሂጃብ ወይም ሻሽ ያደርጋሉ። ሐር የመሰለ ጨርቅ ላይ የመነጽሩ ላስቲክ ይንሸራተታል፤ መነጽሩ ወደ አፍንጫ ሲወርድ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ማጥወልወሉም ይብሳል። ከኋላ በሚዞር መዘውር የሚጠብቅ ጠንካራ ማሰሪያ ለዚህ ይሻላል፤ ሳይወልቅ፣ ከጨርቁ በላይ፣ የኋላው ቀለበት ከማጅራት አጥንት ዝቅ ብሎ ይያዝ። አንዱ ጥግ በመጋረጃ ይከለል፣ ሴት አስተናጋጅም ትኑር። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ፍሬሙ ከ142 ሚሊ ሜትር ካልሰፋ በኩዌስት 2 ውስጥ ይገባለታል። የሌንሶቹ ርቀት ለእያንዳንዱ ሰው ይስተካከል፤ ኩዌስት 2 ላይ 58፣ 63 እና 68 ሚሊ ሜትር የሚሉ ሦስት ቦታዎች አሉ። “ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታይሃል?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንዳያጠልቅ ይነገር። ልጆች ላይ ክርክር አያስፈልግም፤ አምራቹ ራሱ ከ10 ዓመት በታች ላሉት አይፈቅድም። ያጥወለወለው ሰው “ትንሽ ታገሥ” አይባልም፤ ወዲያው ይውለቅ፣ አየር ያግኝ።

ያጠለቀ ሰው የሚያዩትን አያይም

በዚህ ዘርፍ በየቦታው የሚፈጸም፣ ብዙም የማይወራ በደል አለ። መነጽር ያጠለቀ ሰው ዓይኑ የታሰረ ሰው ነው። አፉን ከፍቶ ያንጋጥጣል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ይደነግጣል፤ በዙሪያው የቆሙት ስልካቸውን አውጥተው ይቀርፁታል፣ ይስቁበታል፣ ማታ ቲክቶክ ላይ ይለጥፉታል። ሥራው ስለ ክትትል ከሆነ በክፍሉ ውስጥ ከተፈጸመው ክትትል ሁሉ ይህ የከፋው ነው፤ የፈጸመውም ማሽን ሳይሆን ወረፋ የሚጠብቅ ጓደኛ ነው። ስልክ በር ላይ ይቀመጥ። የሚጠብቁት ሰዎች መቀመጫ ከመጋረጃ ውጭ ይሁን።

መነጽሩ የሚያየውን በቴሌቪዥን ለተሰብሳቢ ማሳየትም የተለመደ ነው፤ ክፍሉን ያደምቃል። እኛ አንደግፈውም። ተመልካቹ ወዴት እንዳየ፣ ማን ላይ እንደቆየ ለሕዝብ ይታያል ማለት ነውና። አስተናጋጁ ችግር ሲፈጠር ለመርዳት ማየት ካስፈለገው በትንሽ ስክሪን፣ ለራሱ ብቻ፣ ለተመልካቹም ነግሮ ይይ። አስተናጋጁ ሰው ሲነካም አስቀድሞ በድምፅ ይናገር፤ “ትከሻዎን ልነካ ነው” ሳይባል ጨለማ ውስጥ ያለን ሰው መንካት ሁሉንም ያበላሻል።

ከመግባቱ በፊት ምን ይነገረው?

አሁን ወደተውነው ጥያቄ። ተመልካቹን በኋላ ማስደንገጥ ለሥራው ኃይል ይሰጣል፤ አንክድም። ቢሆንም መዝገብ ላይ መስፈር ብዙ ሰው ባስከፈለበት አገር፣ ሳይነግሩ መዝግቦ “ጥበብ ነው” ማለት ተገቢ አይደለም ብለን እናምናለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የባዮሜትሪክ ዳታን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይሁን እንጂ አራት ገጽ ቅጽ አስፈርሞ ማስገባት መፍትሔ አይደለም፤ ፊርማው ራሱ ሌላ መዝገብ ነው። አስተናጋጁ መነጽሩን ከማጥለቁ በፊት በተመልካቹ ቋንቋ እንዲህ ይበል፦ “ይህ መነጽር የራስዎንና የእጅዎን እንቅስቃሴ ይለካል። ሳይለካ አይሠራም። ስምዎን አንጠይቅም። ሲያልቅ ልኬቱን በእርስዎ ፊት እንሰርዛለን። በማንኛውም ጊዜ እጅዎን ካነሡ ወዲያው እናወልቅልዎታለን።” ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ሥራው በኋላ ልኬቱን ምን እንደሚያደርግበት አልተነገረም፤ ድንጋጤው እንዳለ ነው።

ቃሉን መጠበቅ የቴክኒክ ሥራ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ልኬቱን በጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ ይያዝ፣ ፋይል አይጻፍ። መነጽሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈቱ ኢንተርኔትና የሜታ አካውንት ይፈልጋሉ፤ አካውንቱ በአዘጋጁ ስም ይሁን፣ በማንም ተመልካች ወይም ተማሪ ስልክ አይከፈት። ከዚያ በኋላ በትርኢቱ ሰዓት ዋይፋይ ይጥፋ። መነጽሩ ያስቀመጠው የክፍሉ ወሰን መዝገብ ከማስተካከያው ማታ ይሰረዝ። ከዚህ ሁሉ በኋላም አዘጋጁ መሰረዝ የሚችለው የራሱን ፕሮግራም መዝገብ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ የዛሬው ሜታ፣ የቪአር መነጽር ይሠራ የነበረውን ኦኩለስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በሁለት ቢሊዮን ዶላር ነው የገዛው፤ መሣሪያው ዳግም ኢንተርኔት ሲያገኝ ለአምራቹ ስለሚሄደው ነገር አዘጋጁ ቃል ሊገባ አይችልም። “ምንም አይወጣም” ብሎ መለጠፍ ውሸት ይሆናል።

ይህ የሚከብደው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው የካርቶን መነጽር ሁለት ሌንስና የታጠፈ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ስልክ ይገባል። አካውንት አይጠይቅም፣ ስልኩ አውሮፕላን ሁነታ ላይ ሆኖ ይሠራል። ስልኩ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ አካል) ሊኖረው ይገባል፤ ለማረጋገጥ ባለ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ማዞር ነው፤ ምስሉ ካልተከተለ የለውም። የሚለካው የራስን መዞር ብቻ ስለሆነ ተመልካቹ ጎንበስ ቢል ዓለሙ አይከተለውም፤ በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ ለሚታይ ሥራ ግን ይበቃል። ጥራቱ ያንሳል። የሚወስደውም ያንሳል፤ ለዚህ ርዕስ ሁለተኛው ይመዝናል።

የመሰረዙን ቁልፍ አስተናጋጁ አይጫነው፤ ተመልካቹ ራሱ ይጫነው። መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ትንሽ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ይታየው፦ 622,080። ጥቂት ሰዎች ከመጫናቸው በፊት ቆም ብለው “ይኼ ሁሉ የኔ ነው?” ብለው ይጠይቃሉ፤ አስተናጋጁ መልስ ሳይቸኩል ጊዜ ይስጣቸው። ሲጫኑት ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል፣ ሌንሱ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ በርጩማው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀጣዩ ሰው ይጠራል።